ንቦቹን ያወረደችው ልጃችን

ይድረስ ለልጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ልጃችን ባለፈው ካንተ ዘንድ ስትመለስ "አባዬ አሁን ጎንበስ ሲል ጉልበቱን ይደገፋል" ብላኝ ነበር። ቀፎውን ራስህ ማንሳት ተው፤ የምታስተምርበት ኮሌጅ ሠራተኛ የቀጠረው ለዚህ አይደለም? አንተ እንደማትሰማ አውቃለሁ፣ እኔም መምከር አልሰለቸኝም፤ እንዲሁ ስንዋደቅ ልናረጅ ነው። እኔ ደህና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን። መነጽሬ ወፍሯል፣ ጸጉሬ ሳስቷል፣ አፌ ግን እንደምታውቀው ነው።

ከተለያየን ወዲህ በእጄ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እስከ ዛሬ ስልካችን ልጃችን ነበረች። "አባዬ እንዲህ ይላል"፣ "እማዬ እንዲህ ትላለች" እያለች ስታመላልስ፣ የሁለታችንንም ክፉ ክፉውን መንገድ ላይ እየጣለች ደግ ደጉን ብቻ እንደምታደርስ ገብቶኛል። አንተ ያን ያህል ጨዋ እንዳልሆንክ አውቃለሁና። የዛሬው ወሬ ግን በእሷ በኩል የሚያልፍ አይደለም፤ ስለ ራሷ ነው። ቁጭ ብለህ አንብበው።

እኔ ያለሁት አሁንም እዚያው ዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ፣ ምድር ቤት፣ የኤሌክትሮኒክስ መረጃ ክፍል ነው። ስሙ ረጅም ይሁን እንጂ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ኮምፒውተሮቹ ሲሞቁ በሩን በወንበር ደግፈን ከፍተን እንሠራለን። ሠራተኞቹ እኔና አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ነን። ባለሙያውን ግቢው ሁሉ "ቆይ ልየው" ይለዋል፤ ምንም ብትጠይቀው መልሱ "ቆይ ልየው" ስለሆነ። አይቶ ግን ሳይጠግን ቀርቶ አያውቅም።

ዘንድሮ የምርምር ጽሑፎች ዳታቤዝ የሚሸጥ አንድ የውጭ ኩባንያ ለሙከራ በነጻ እንዲከፍትልን ስጽፍ፣ ስደውል፣ ስለምን ከረምኩ። በስንት ውጣ ውረድ ፈቀዱልን። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ለተወሰነ ጊዜ ይከፍቱልሃል፤ በግቢው ኢንተርኔት የገባ መምህርና ተማሪ ሁሉ እንደ ልቡ ያነባል፤ እነሱ ደግሞ ምን ያህል እንደተነበበ ይቆጥራሉ። ጊዜው ሲያልቅ በሩ ይዘጋል። ከዚያ የኛ አለቆች ቁጥሩን አይተው ወይ ይገዛሉ፣ ወይ ይተዋሉ። ማር ሻጭ በጣት አስልሶ ካስለመደ በኋላ ማሰሮውን እንደሚከድነው ማለት ነው።

ያን ሰሞን ያላንኳኳሁት ቢሮ የለም። "ተከፍቷል፣ ግቡ፣ አንብቡ" እያልኩ ከትምህርት ክፍል ትምህርት ክፍል ስዞር የዕድር ጥሪ የምለፍፍ መስዬ ነበር። አንዱ ሸምገል ያለ የታሪክ መምህር "ሙከራው ሲያልቅ ያነበብኩት ከጭንቅላቴ ይጠፋል ወይ?" ብሎ አሳቀኝ። አዋላጅ ነርሶችን የምታስተምረዋ መምህርት ግን አልቀለደችም። ለዓመታት ከየጽሑፉ የምታየው ከላይ ያለችውን አጭር ማጠቃለያ ብቻ እንደነበር፣ ከዚያ በታች "ክፈልና ግባ" የሚል እየመጣባት ስትመለስ እንደኖረች ነገረችኝ። የመጀመሪያውን ሙሉ ጽሑፍ ስትከፍት አጠገቧ ነበርኩ። እስከ መጨረሻው ድረስ ዝቅ አደረገችው፣ መልሳ ወደ ላይ ወጣች፣ ከዚያ ማንበብ ጀመረች። እኔም ስለ ልፋቴ ካሳዬን የተቀበልኩት ያን ቀን ነው።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ስልኩ እየጮኸ ነው። በሩ ተዘግቷል። ማንም፣ ከየትም ኮምፒውተር ቢሞክር "ይህ ተቋም ታግዷል" ይላል። ከኩባንያው የመጣውን መልእክት አነበብኩት። ከግቢያችን አንድ ኮምፒውተር ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ሳያርፍ ጽሑፍ ሲያወርድ ሰንብቷል፤ በዚያ ፍጥነት የሚያነብ ሰው የለም፤ ስለዚህ ስርቆት ነው ብለን ዘግተናል ይላል። ማን እንዳወረደው፣ ለምን እንዳወረደውና የወረደው የት እንደደረሰ ላይብረሪው አጣርቶ ይጻፍልን፤ ለውጭ ሰው ተላልፎ ከሆነ ሙከራው እዚህ ላይ ያበቃል ይላል። አጣርቶ ጽፎ የሚፈርመው ማን መሰለህ? እኔው ነኝ።

"ቆይ ልየው" አየው። አይቶም ስክሪኑን ወደኔ አዞረና እሱ ራሱ መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመረ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ክፍል ያለ ኮምፒውተር ነው። የተገባበት ስም የልጃችን ነው።

እንደምታውቀው ልጃችን የምትማረው ውሃ ምህንድስና ነው። የትምህርት ክፍሏ ረዳት መምህርት አድርጎ ሊያስቀራት መርጧት የቀረው የአካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ፊርማ ብቻ ነበር። ይህንንስ ነግራሃለች። ታዲያ ምን አውርዳ ይሆን ብዬ ከፈትኩት። ንብ! የንብ በሽታ፣ የንብ ተባይ፣ የንብ እጭ፣ የንብ ንግሥት፣ የንብ ጭፈራ ሳይቀር። የውሃ ምህንድስና ተማሪ ከንብ ጋር ምን አገናኛት? ስለ ንብ እጭ መበስበስ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱን ደግሞ አግብቼው ነበር።

እንዴት እንደተናደድኩብህ ልነግርህ አልችልም። ሰውየው የኔ አልበቃው ብሎ ወደ ልጄ ዞረ አልኩ። ያንተን የምርምር ጽሑፍ ቁጭ ብዬ ስተይብ የኔ የትምህርት ማመልከቻ ጊዜው እንዳለፈበት ታስታውሳለህ? አላዘዝከኝም፤ እውነት ነው። ያንተ ችሎታ እሱ ላይ ነው። አንተ ሰው አታዝም። ጠረጴዛ ላይ ክርንህን ተክለህ ትተክዛለህ፣ አጠገብህ ያለውን ሰው ታሳዝነውና ተነስቶ ይሸከምልሃል፤ ሲደርስ ደግሞ "ምነው ደከምሽ?" ትላለህ። አሁን ልጄ እንጀራዋን ልታጣ ነው፣ አንተ ግን እዚያ ከቀፎህ ጋር ሆነህ ምንም አልሰማህም። በል እንግዲህ ስማ!

---

ከዚህ በላይ ያለውን ሰኞ ዕለት ጽፌ አቋርጬው ነበር። ዛሬ የቀጣዩ ሳምንት አርብ ነው። ያንን ገጽ ቀድጄ ልጥለው አስቤ ተውኩት፤ ግማሹ ሐሰት ሆኖ ቢገኝም ግማሹ ሊደርስህ የሚገባ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ አንተ አታጣውም።

ያን ሰኞ ማታ ልጃችን ስትመጣ ኩሽና ውስጥ ያዝኳት። ሰሃን እያጠበች ነበር። "አባትሽ ነው ያዘዘሽ?" አልኳት። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ "አባዬ ምንም አያውቅም" አለች። አላመንኳትም። አንተን ለማዳን የምትዋሽ መስሎኝ "በእኔ ሞት?" ብል ዞራ እጇ አረፋ እንደሆነ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ።

ለካ አንተ በስልክ፣ ቀፎዎችህ አንድ በአንድ ባዶ እየሆኑ መሄዳቸውን፣ ንቦቹ ሞተው እንኳ አስከሬናቸው እንደማይገኝ፣ ምክንያቱን የጻፉ ሰዎች እንዳሉ ብታውቅም ኮሌጁ ምንም ስለማይከፍል ከማጠቃለያው በታች ማንበብ እንዳልቻልክ ነግረሃት ኖሯል። "ከሰው ቤት ደጃፍ ቆሜ የወጥ ሽታ እንደማሽተት ነው" ብለህም ሳቅክ አለችኝ። አንተ ስቀህ ስልኩን ዘጋህ፤ እሷ ግን ሳቁ አላስተኛትም። ጡረታ የምትወጣበት ጊዜ ደርሷል፣ ሙከራው ሊያልቅ ነው፣ ስለዚህ ያለውን ሁሉ በፍላሽ ይዤለት እሄዳለሁ ብላ፣ ራሱ እያወረደ የሚያጠራቅም ትንሽ ፕሮግራም ጽፋ፣ ቅዳሜ ከፍታው ጸጉሯን ልትሠራ ሄደች። የአጠቃቀሙን ደንብ አላነበበችም። እኔ እናቷ በየግድግዳው የለጠፍኩትን! ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል አሉ።

እንግዲህ ስለ ሰኞው ቁጣዬ ይቅርታ አድርግልኝ። ስለ ድሮው አልልህም።

ማክሰኞ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ተጠራሁ። ከላይብረሪው ኃላፊ ጋር ነው የገባሁት። ኃላፊያችንን ታስታውሳቸዋለህ፤ ለሁሉ ነገር "ይሁን" የሚሉት ናቸው። ልጄ አለቀላት ብዬ ስገባ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ከወንበራቸው ተነስተው ጨበጡኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ኩባንያው በየሳምንቱ የሚልከው የአጠቃቀም ሠንጠረዥ ተዘርግቷል። መስመሩ ለሳምንታት መሬት ለመሬት ሲሄድ ቆይቶ ቅዳሜ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቷል። "መምህራኖቻችን እንዲህ ያነባሉ እንዴ?" አሉኝ። ደስታቸው የልጅ ደስታ ነበር። ይህን ያህል አንባቢ ካለማ እንገዛዋለን፣ ለፕሬዚዳንቱም ነግሬያቸዋለሁ አሉ። መዘጋቱን የኢንተርኔት ብልሽት ነው ብለው ነው የያዙት። ያ ሁሉ አንባቢ አንዲት ልጅ መሆኗን፣ እሷም አንዱን እንኳ እንዳላነበበችው አላወቁም።

አፌን ልከፍት ስል ኃላፊያችን እግሬን ረገጡኝ። ኮሪደር ላይ ስንወጣ ቀስ ብለው፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ለኩባንያው ማሽን ተበላሽቶ ነው ብለሽ ጻፊ፣ ዳታቤዙ ይገዛል፣ ልጅሽም ትቀጠራለች፣ ማን ተጎዳ? አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ከልባቸው ሊረዱኝ ነው።

እውነትም ማን ተጎዳ? ሁለት ቀን ሙሉ ይህንኑ ሳመነዥክ ዋልኩ። የአዋላጅ ነርሶቹ መምህርት በየሰዓቱ እየመጣች "ተከፈተ?" ትለኛለች፤ አንድ ያዘጋጀችው ትምህርት ግማሽ ላይ ቆሞባታል። ብዋሽ ለእሷም ይከፈትላታል። ልጄም ፊርማዋን ታገኛለች። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ጀመርኩት፤ "በማሽን ብልሽት ምክንያት" ብዬ እስከ መጻፍ ደርሻለሁ። ከዚያ ግን አሰብኩት፦ ገዝተነው በሚቀጥለው ዓመት መስመሩ ተመልሶ መሬት ሲወርድ "ላይብረሪው ዋሽቶ አስገዛን" ይባላል፣ ከዚያ ወዲያ ለማንም አንድ መጽሐፍ የሚገዛልን አይኖርም። ይህ የሥራው ነው። የእናትነቱ ደግሞ፣ ልጄ ክፍል ገብታ የተማሪ ወረቀት ልታርም ነው። አንዱ ከሌላው ገልብጦ ብታገኘው ምን ልትለው ነው? የእሷን የሸፈንኩት እኔ እንደሆንኩ እያወቀች?

እውነቱን ጻፍኩ። ያወረደችው ልጄ ናት፤ ለአባቷ ብላ ነው፤ አባቷ አላዘዛትም፤ ፍላሹ ከእጇ አልወጣም አልኩ። የእሷ ተቀንሶ የቀረው የአንባቢ ቁጥር ይህ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ግን የሰው ነው ብዬ ለምክትል ፕሬዚዳንቱም አስገባሁ። ኃላፊያችን አንብበው፣ ምን ይላሉ፣ "ይሁን" አሉ።

ኩባንያው ካሰብነው በላይ ረዳን፤ የወረደው በፊታችሁ ይደምሰስ ብሎ በማግስቱ ከፈተው። ልጃችን ለጉዳዩ የተሰየመው ኮሚቴ ፊት ቆማ አንድ በአንድ ደመሰሰች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ የመጨረሻዋ ስትጠፋ ብቻ "ውይ አባዬን" አለች። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ግን ለፕሬዚዳንቱ የነገሩትን ማጠፍ ከብዷቸዋል። የዳታቤዙ ግዢ "ሙከራው እስኪያልቅ ይታይ" ተባለ። የልጃችን ቅጥር ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ፋይሏ ውስጥ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ቦታው ይኑር አይኑር ዋስ የሚሆን የለም።

ትናንት ልብሷን ሰብስባ ጓደኛዋ ቤት ገባች። ስትወጣ ጮኻ ቢሆን ደግ ነበር። በረጋ ድምፅ "ሌላ እናት ብትሆን ዝም ትል ነበር" ብላኝ ወጣች። ልክ ናት፣ ሌላ እናት ዝም ትል ነበር። በጻፍኩት አልጸጸትም። ግን ያመኛል። ራት ላይ ሁለት ሰሃን አውጥቼ አንዱን መልሼ ሰቀልኩት። ስልኬን አታነሳም፤ እነሆ ስልካችን ራሷ ስትዘጋ ለሷ የሚደውልልን አጣን።

ስለዚህ ነው የጻፍኩልህ። ና።

ልጃችን ያኮረፈችው እኔን ነው፤ የምትከፍተው ላንተ ነው። "እናትሽ ልክ ናት" በልልኝ ማለቴ አይደለም፤ ብትል አልጠላም። ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር በራስህ አፍ ንገራት። ያላልኩትን አትሸከሚልኝ፣ ስፈልግ እጠይቅሻለሁ በላት። ለኔ ሳትለኝ የቀረኸው ይህን ነው፤ ለእሷ አይቅርባት። በስልክ አይሆንም፤ እሷ ስትተክዝ አትታይህም፣ አንተም ሳትተክዝ አትናገርም።

ደግሞም ለንቦችህ ብሎ ማንም መስረቅ አያስፈልገውም። የኩባንያውን ውል ዛሬ ጠዋት ከፊደል እስከ ፊደል አነበብኩት። ከውጭ የመጣ ሰው በአካል ላይብረሪው ውስጥ ተቀምጦ ማንበብ ይችላል ይላል። እንዳልሳሳት ጽፌ ጠየቅኳቸው፤ አዎ፣ እንግዳ አንባቢ ይፈቀዳል፣ ይዞ እንዳይሄድ ብቻ አሉኝ። ይዘህ ባትሄድስ? እጅህ አልሰነፈም፣ ቁጭ ብለህ እያነበብክ ወረቀት ላይ ትገለብጣለህ። ቀፎዎቹ ለምን ባዶ እንደሚሆኑ አንተው ራስህ ታገኘዋለህ። በዚያ ላይ አንተም አንድ ሆነህ ትቆጠራለህ፤ በዚህ ሰሞን አንድ እውነተኛ አንባቢ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ሙከራው ሊያልቅ ብዙ አልቀረውም፤ "ትምህርት ይዘጋና" እያልክ አታንዛዛው።

ስለ ማረፊያ አትጨነቅ፤ የልጃችን ክፍል ባዶ ነው። አንተን አይታ ከተመለሰች ደግሞ ያኔ እንዴት እንደምንሆን እናያለን፤ ቤቱ ጠቦን አያውቅም።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ በሩ ላይ ስትደርስ እንዳትደናገጥ። እንግዳ አንባቢ ብቻውን አይቀመጥም። አንብቦ እስኪጨርስ ድረስ የክፍሉ ሠራተኛ አጠገቡ መቀመጥ አለባት፤ ጥዋትም፣ ከሰዓትም፣ የፈለገውን ያህል ቀን ቢፈጅ። "ቆይ ልየው" ይህ ደንብ የት ነው የተጻፈው ብሎኛል፤ ልጃችንም እናቷን ስለምታውቅ መጠየቋ አይቀርም። ከጠየቀችህ አላውቅም በላት።

መንገዱን ያቅናልህ፤ ወገብህን ያጽናልህ፤ የቀሩትንም ንቦች ይጠብቅልህ። በደህና ግባ።

የልጅህ እናት